የአየር መርከቧና ከሳሾቿ

ክንድ የማትሞላ የፕላስቲክ፣ የሽቦና የስንደዶ ዕቃ ይህን ያህል ሰው ታስቆጣለች ብሎ የሚገምት አይኖርም። አስቆጥታለች። ዕቃዋ የአየር መርከብ ናት፤ በጋዝ በተሞላ ፊኛ ተንሳፍፋ በሞተር የምትነዳ፣ ፈረንጆች በጀርመናዊው ባለቤቷ ስም «ዘፔሊን» የሚሏት ዐይነት። የምትዋጋው ጠረጴዛ ላይ ነው። ዘመኗ 1888 ዓ.ም.፣ ሜዳዋ ዐድዋ። ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ ገና እዚህ ላይ «በዐድዋ ጊዜ የአየር መርከብ መቼ ነበረን?» ብሎ ብዕሩን እንደሚመዝዝ አውቃለሁ። አልነበረንም። ክርክሩም የሚጀምረው ከዚሁ ካልነበረን ነገር ነው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ጠመንጃ ያዥ ውስጥ እሑድ ከሰዓት በኋላ አራት ሆነን የምንሰበሰብባት አንዲት ክፍል አለች። (የሰፈሩ ስም ለእኛ ሥራ ታስቦ የወጣ የሚመስለው ቢኖር፣ ስሙ እኛን ይቀድማል። ደግሞም «ያዥ» ይላል እንጂ «ተኳሽ» አይልም፤ የጌታውን ጠመንጃ ተሸክሞ ከበቅሎዋ ኋላ የሚከተል ሰው ነው። ለእኛ ሙያ ከዚህ የተሻለ ስም አላገኝም።) ጋዜጣ በኮላ እየነከርን ተራራ እንሠራለን፤ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጡ ወታደሮች ቀለም ቀብተን እናሰልፋለን፤ የጉዞውን ርቀት በማስመሪያ እንለካለን፤ የተኩሱን ውጤት ዳይስ ይወስናል። ጨዋታው አዲስ አይደለም። የፕሩሲያ ጦር እ.ኤ.አ. በ1824 ራይስቪትስ ከተባለ መኮንኑ ተቀብሎ መኮንኖቹን ያሠለጥንበት ነበር። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ በ1913 «ትንንሽ ጦርነቶች» የሚል መጽሐፍ ጽፎ ወታደር ላልሆነው ሰው አቀረበው። ዛሬ በውጭው ዓለም ትልቅ ንግድ ነው፤ ጎልማሶች ደመወዛቸውን የሚጨርሱበት።

አምና መርከቧን ለአንድ ዐውደ ርእይ አቀረብናት። አዳራሹንም ሰዎቹንም በስም አልጠራም፤ ጠቤ ከሐሳቡ ጋር ነው። የመዝጋቢው መልስ አጭር ነበር፤ የልጆች መጫወቻ አይቀበሉም። አጠገቡ የቆሙ አንድ ምሁር መርከቧን በሁለት ጣታቸው አንሥተው ገለበጧትና «ይህ እኮ የፈረንጅ ዕቃ ነው፤ አንተ ቀለም ቀባኸው እንጂ ምን ሠራህ?» አሉኝ። በመጨረሻ አንድ ጋቢ የለበሱ አዛውንት ጎንበስ ብለው ፊኛዋ ላይ የተጻፈውን ዓመተ ምሕረት አነበቡና ቀና አሉ። «ልጄ፣ በዐድዋ ደም ዕቃ ዕቃ ትጫወታለህ?»

መዝጋቢውን በቶሎ እናሰናብተው። መጫወቻ ሁሉ የልጅ ከሆነ ሰንጠረዥን የት ልናደርገው ነው? አፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሰዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር ተጽፎ ይገኛል። መኳንንቱም መስመር በተሰመረበት ቀይ ጨርቅ ላይ ንጉሡን፣ ፈረሱን፣ ዝሆኑን ሲያንቀሳቅሱ ዘመናት ቆይተዋል። የእኛ ሰንጠረዥ ከሌላው ዓለም የሚለይበትም ነገር ነበረው። መጀመሪያው ላይ «ወረራ» የሚባል ክፍል አለ። ወረራ ተራ አያውቅም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች ባንድ ጊዜ እንደፈቀዱ ጦራቸውን ያሰልፋሉ፤ አንዱ የሌላውን እጅ እያየ የራሱን ይለውጣል፤ ይህም የመጀመሪያው ምርኮ እስኪያዝ ድረስ ነው። ጦር ሜዳ የዋለ ሰው ያወጣው ሕግ መሆኑ ያስታውቃል፤ ጠላት ተራህ እስኪደርስ አይጠብቅህማ! ይህን ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ዛሬ በፋኖስ ተፈልጎ አይገኝም። «የልጅ ነው» የሚለው አፍ ብቻውን ገደለው አልልም፤ ከቀባሪዎቹ መካከል ግን ነበረበት።

ከመዝጋቢው ቃል ጀርባ ያለው ደግሞ የቆየው በሽታችን ነው፤ በእጅ የሚሠራን መናቅ። አፄ ምኒልክ ባለ እጁን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰው ነበር። ስድቡ አልቀረም፤ ትንሽ ታጥቦ «ዕቃ ዕቃ» የሚል ስም ወጣለት። በአሮጌ ጫማ ሶል ጎማ የሽቦ መኪና ሠርቶ መሪዋን በረጅም ሽቦ ይዞ ሰፈሩን ይዞር የነበረ ልጅ፣ ቆርኪ በሁለት ወገን አሰልፎ ያዋጋ የነበረ ልጅ፣ ጢም ሲያወጣ እጁን ኪሱ ውስጥ እንዲከት የሚደረገው በዚህ ስም ነው። ከዚያ በኋላ «ወጣቱ የፈጠራ ችሎታ የለውም» የሚል ስብሰባ እንጠራለን፤ ከሻይ ዕረፍት ጋር።

ወደ ምሁሩ ልምጣ። «ቀለም ቀባኸው እንጂ ምን ሠራህ?»

ዘመድ ከውጭ ይዞልኝ የመጣው ዕቃ ጺማም ድንኮች የሚቀዝፉት የተረት መርከብ ነበር፤ ብልቶቹ በፕላስቲክ ፍሬም ላይ እንደተንጠለጠሉ። የድንኩን ፊት ከአፍንጫዋ ላይ በምላጭ ገሽልጬ ጣልሁት። የቀረውን ጉድጓድ የመኪና ቦዲ ሠሪዎች በሚጠቀሙበት ስቱኮ ሞልቼ፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስሁት። ፊኛዋ ድቡልቡል ነበረች፤ ድቡልቡል ፊኛን ነፋስ እንጂ ሞተር አይነዳውምና ከፊትም ከኋላም የሃይላንድ ጠርሙስ ትከሻ ቆርጬ እየገጠምሁ አስረዘምኋት። (ለሚሞክር ሰው፦ የሃይላንድ ፕላስቲክ ቀለም አይዝም፤ አስቀድሞ በብርጭቆ ወረቀት ካልተፋቀ በሦስተኛው ቀን እንደ እባብ ቆዳ ይገፈፋል።) የጎድን አጥንቶቿን ከመዳብ ሽቦ አጠፍኋቸው። መድፏ የእስክሪብቶ ጫፍ ናት። ሰው የሚሳፈርበትን የፕላስቲክ ቅርጫት ግን ጨርሶ ተውሁት፤ ሰፈራችን ውስጥ ሙዳይ የሚሰፉ እናት አሉ፤ እሳቸው ዘንድ ሄጄ በስንደዶና በአክርማ አውራ ጣት የምታህል ቅርጫት እንዲሰፉልኝ ለመንሁ። ሳቁብኝ። ከዚያ መነጽራቸውን አጠለቁና ሁለት ቀን ፈጀባቸው። ሦስተኛው ቀን ላይ «ለዚህች ክዳን አያስፈልጋትም?» ብለው የጠየቁኝ ከልባቸው ነበር።

ቀለሙ የባሰ ነገር አለው። የውጭዎቹ ተጫዋቾች መርከብ ሲቀቡ ግራጫ፣ ዝገት፣ የዘይት ጠብታ ይወዳሉ። ዘዴያቸው ይደነቃል፤ መጀመሪያ ድፍን ጥቁር፤ በላዩ ዋናው ቀለም፤ ከዚያ በአኳራጅ የቀጠነ ጥቁር ቀለም እየፈሰሰ ስንጥቁ ሁሉ ውስጥ ይገባና ጥላ ይሆናል፤ በመጨረሻ ብሩሹን በጨርቅ ጠርጎ ጠርጎ፣ የቀረችውን ደረቅ ቀለም በጠርዙ ላይ ብቻ ማስነካት። እኔም ዘዴውን ተቀበልሁ፤ ዝገቷን እንኳ በደረቀ የቡና አተላና በኮላ ሠራሁላት። መልኩን ግን ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ወሰድሁ፤ ወፍራም ጥቁር ወሰን፣ በውስጡ ሳይደባለቅ የተኛ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። ድንኩ በነበረበት አፍንጫ ላይ ሁለት ትልልቅ ዐይኖች በስቴኪኒ ጫፍ ሣልሁ። በሥዕላችን ሕግ መልካሙ በሙሉ ፊት፣ ክፉው በጎን ፊትና በአንድ ዐይን ይሣላልና ጣልያኖቹም ሕጉ እንዲደርሳቸው ፈለግሁ። ድፍን ቅርጽን በጎን ፊት መሥራት አይቻልም። አንድ አንድ ዐይን ብቻ መሣል ግን ይቻላል። የጄኔራል ባራቲዬሪ ጦር በሙሉ ባለ አንድ ዐይን ሆኖ ጠረጴዛዬ ላይ ቆሟል።

እንግዲህ ምሁሩ ይህን «ቀለም መቀባት» ይሉታል። ይበሉት። ግን በዚሁ ሚዛን ሌላውንም ይመዝኑልን። ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመውና አላፊ አግዳሚው ፎቶ የሚነሣበት መድፍ ሞዴል ነው፤ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው እውነተኛው ሴባስቶፖል መቅደላ ላይ ነው ያለው። ቅጂው ትልቅ ስለሆነ ሐውልት ተባለ፤ የኔዋ ትንሽ ስለሆነች መጫወቻ። እውነተኛውንም ቢሆን ጋፋት ላይ ያቀለጡት አፄ ቴዎድሮስ ያስገደዷቸው የአውሮፓ ባለ እጆች ናቸው። በ1928 ዓ.ም. የበረረችው፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመችው አውሮፕላንስ? አዲስ አበባ ውስጥ በጀርመናዊው በሉድቪግ ቬበር መሪነትና በኢትዮጵያውያን እጅ ተሠራች፤ ሞተሯ ከውጭ የመጣ ነው። ጣልያን ዘርፎ ወስዶ ሙዚየሙ ውስጥ ሲያኖራት ከርሞ በጥር 2016 ዓ.ም. ስትመለስ «ይህች እኮ የፈረንጅ ዕቃ ናት» ያለ አልሰማሁም። አልቅሰን ነው የተቀበልናት፤ ደግ አደረግን።

የአየር መርከብን ቆርጦ መቀጠል ራሱም የሰነፍ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1917 ጀርመኖች ኤል 59 የተባለችውን መርከባቸውን ቆርጠው በመሐሏ ቀጥለው ከ226 ሜትር በላይ አስረዘሟት፤ ከቡልጋሪያ ተነሥታ በምሥራቅ አፍሪካ ለተከበበው ጦራቸው 15 ቶን ያህል ስንቅና መሣሪያ እንድታደርስ። መመለስ አልታሰበላትም። ስትደርስ ልብሷ ድንኳን፣ የውስጥ ሽፋኗ የቁስል ማሰሪያ፣ አጥንቷ የሬዲዮ ማማ እንዲሆን ታቅዶ ነበር። ከካርቱም በስተምዕራብ ስትደርስ በሬዲዮ ተጠርታ ተመለሰች፤ 95 ሰዓት ሙሉ አየር ላይ ቆይታ። መርከቧ ራሷ እየተፈታች የምትገጣጠም ዕቃ ነበረች ማለት ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ሱዳን ሰማይ ላይ።

አሁን ወደ አዛውንቱ። አባቴ፣ ያን ዕለት አልመለስሁልዎትም፤ ሰው በተሰበሰበበት ከታላቅ ጋር አፍ መካፈት ነውር ነው ብዬ። እዚህ ወረቀቱ ሰፊ ነውና ይስሙኝ።

ዐድዋ ላይ ሰማዩን የከፈትነው እኛ አይደለንም። ጦርነቱን የሣሉት የአገራችን ሰዓልያን ከሜዳው በላይ ቅዱስ ጊዮርጊስን በነጭ ፈረሱ አኑረውታል፤ በደም ተጫወታችሁ ያላቸው የለም። ጣልያንም ቢሆን ወደዚህ አገር ፊኛ ይዞ መጥቷል። ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ድል ከነሡት በኋላ፣ በ1880 ዓ.ም. በጄኔራል ሳን ማርዛኖ የተመራው ጦር በምጽዋና በሰዓጢ በኩል በሃይድሮጅን የተሞላ የቅኝት ፊኛ በገመድ እያወጣ አካባቢውን ይቃኝ ነበር። በዚያው ዓመት አፄ ዮሐንስ እስከ ሰዓጢ ወርደው ምሽጉን አይተው ሳይገጥሙ ተመለሱ። ከዐድዋ ስምንት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ሰማዩ ላይ ዐይን የነበረው ጠላታችን ነው እንግዲህ። «ያ ዐይን የእኛ ቢሆን ኖሮስ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት ነው?

እኛ ጠየቅን። ምን እንዳገኘን ልንገርዎት።

ዐድዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው፤ ስለዚህ ፊኛዋ ባሕር ዳር ከሚበቃት በአምስተኛ ያህል መስፋት አለባት። ሃይድሮጅኑ በዚያ ዘመን ሜዳ ላይ የሚሠራው ብረት በሰልፈሪክ አሲድ በማሟሟት ነው። ቁጭ ብለን አሰላነው። አንድ ቶን ለማንሣት ከ2 ቶን በላይ ብረትና ከ3 ቶን ተኩል በላይ አሲድ ይፈልጋል። አንዲት በቅሎ አንድ ኩንታል ብትሸከም ወደ 60 በቅሎ መሆኑ ነው፤ ያውም በጠርሙስ የተሞላ አሲድ በአምባላጌ ዳገት! ያ አንድ ቶን ደግሞ የፊኛዋን ጨርቅ፣ ሞተሩን፣ ቅርጫቱንና ሰዎቹን ይጨምራል። ለመድፉ የሚተርፍ የለም።

ይህን ሁሉ ሕግ አድርገን ጽፈን ተጫወትን። መርከቧን የያዘው የእኛ ወገን ሲሸነፍ ከረመ። ለምን ቢሉ፣ 60ዎቹ በቅሎች እህል መጫን ነበረባቸው። የምኒልክ ጦር የካቲት መጨረሻ ላይ ስንቁ እያለቀበት እንደነበር ሁላችንም አንብበናል፤ ማንበብና ግን የገዛ እጅህ ወታደሮቹን ከጠረጴዛው ላይ በረኀብ ሲያነሣ ማየት ይለያያል። እቴጌ ጣይቱ መቀሌ ላይ እንዳ ኢየሱስ ምሽግን በውኃ ምንጩ ማስያዛቸው ያኔ ነው የገባን፤ በተረት መልክ ሳይሆን እንደ ሒሳብ። ጣልያን 17,700 ያህል ሰውና 56 መድፍ ይዞ በሌሊት ሲንቀሳቀስ፣ አልቤርቶኔ በካርታ ስሕተት የኪዳነ ምሕረትን ኮረብታ አልፎ ወደ ፊት ሲሄድ፣ እሱን ሊረዳ የታዘዘው ዳቦርሚዳ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ሲሳሳት፣ በብርጌዶቹ መካከል የተከፈተው ቀዳዳ ጠረጴዛው ላይ ክንድ ሙሉ ነው። ለዚያ ቀዳዳ ፊኛ አላስፈለገም። እንደ ባሻይ አውዓሎም ያሉ፣ በእግራቸው የሚሄዱ ሰዎች በቂ ነበሩ። መርከቧን የሠራኋት እኔ ነኝ፤ መርከቧ ግን ደጋግማ የነገረችኝ ያለ እሷ የተሠራው ሥራ ምን ያህል እንደሆነ ነው። አባቴ፣ ይህ ዐድዋን ማቃለል ነው?

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላው ነው። እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ የተነገረኝ አባቶቻችን በጦርና በጋሻ ዘመናዊ ጦር ድል እንደነሡ ነው። ያማረ ታሪክ ነው፤ ግን እውነቱን አሳንሶ ነው ያማረው። የምኒልክ ጦር በብዙው ጠመንጃ የታጠቀ ነበር፤ መድፍም ነበረው፤ ያ ጠመንጃ ዓመታት በፈጀ ግዢ፣ ድርድርና ጭነት የተሰበሰበ ነው። ይህ ሁሉ ልፋት በዝማሬያችን ውስጥ ተውጦ የቀረልን ጀግንነቱ ብቻ ሆነ። ዐድዋን የምንሰግድለት እንጂ የምናስብበት አላደረግነውም። ከ40 ዓመት በኋላ ያው ጠላት ሲመጣ በሰማይ መጣ፤ የመርዝ ጋዝ ከአውሮፕላን እያርከፈከፈ። የእኛ አውሮፕላኖች በጣት የሚቆጠሩ፣ መሣሪያም ያልታጠቁ ነበሩ። ያን ጊዜ ድፍረት አላነሰም። በ1888 እና በ1928 መካከል ምን ቢደረግ ኖሮ የሚለውን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ግን ዛሬም «በደም አትጫወት» ይባላል። መቼስ ልንጠይቅ ነው?

እርስዎ ያላነሡትን፣ ከሁሉም የሚከብደውን ነገር ደግሞ ራሴ ላንሣው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዚያው በሰሜኑ ምድር፣ በዐድዋ ዙሪያ ጭምር፣ የወንድማማች ደም ፈሷል። ከል ያላወለቁ እናቶች ባሉበት አገር የጦርነት ጨዋታ ያስጠላል የሚል ሰው ቢኖር አልከራከረውም። ስለዚህ በእኛ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሕግ አለ፤ የሟቹ ልጅ በሕይወት ያለበት ጦርነት አይሠለፍም። ሌላው ሕጋችን የሞተ ወታደር እንደ ሰንጠረዥ ምርኮ ወደ ሣጥን አለመመለሱ ነው፤ ከወደቀበት ጋድም ብሎ እስከ ማታ ይቆያል። ሲመሽ ጠረጴዛውን ማየት ደስ አይልም። አንደኛው ጓደኛችን ወታደር ነበር፤ ይህን ሕግ ያወጣው እሱ ነው፤ ሲጫወትም ከሁላችን ይልቅ የሚዘገየው እሱ ነው። ዌልስ ትንንሹን ጦርነት የተጫወተ ሰው ትልቁ ምን ያህል የድንቁርና ሥራ እንደሆነ ይገባዋል ብሎ በመጽሐፉ መጨረሻ ተሟግቶ ነበር። በዓመቱ የዓለም ጦርነት ፈነዳ። ጄኔራሎቹ አላነበቡት ይሆናል፤ ወይም አንብበው ዳይሱን ብቻ ነው የወደዱት።

መርከቧ አሁንም ጠመንጃ ያዥ፣ መደርደሪያው ላይ ናት። ለሚመጣው የካቲት የያዝነው ሰዓጢን ነው፤ 1880ን፤ አፄ ዮሐንስ ቢገጥሙ ኖሮ የሚለውን። በዚህኛው ፊኛው የጣልያን ስለሆነ እሱን መሥራት ጀምሬአለሁ፤ ድቡልቡል፣ በገመድ የታሰረ፣ ከድሮው ዕቃ የተረፈችኝን ፕላስቲክ ተጠቅሜ። ቅርጫቱን እናታችን እየሰፉልኝ ነው። የጠላት መሆኑን ስነግራቸው «ለሱማ በደንብ አልሰፋለትም» ብለው ነበር፤ ትናንት ሳየው ከፊተኛው ይበልጥ ደቃቅ ነው፤ ክዳንም ሠርተውለታል። ዐይኑን ገና አልሣልሁም፤ አንድ ይሆናል።